የቅዳሜው አቡጀዲ

ጥቅምት 28

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ እኔ ግን ልጄ ለምልህ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ካላሳዩት አይናገርም። ፈጣሪ በሄድክበት ሰው ይስጥህ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ ያን ስስ ጃኬትህንም አስጥሎ ወፍራም ያልብስህ። አሜን በል።

ስልክ ላይ እኔና አንተ አንግባባም። አንተ «ይሰማል?» ትላለህ፣ እኔ «ይሰማል!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ ልነግርህ ያሰብኩት ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ወትሮው በእጄ ጽፌ ለረጅሙ ጓደኛህ እሰጠዋለሁ፤ እሱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። ሲያነሳ እግረ መንገዱን እንደሚያነብ አውቃለሁ። ያንብብ፣ ምን ይደረጋል።

የቅዳሜውን ስብሰባ ልንገርህ። የኮምፒውተር ልጆችህ ወሩ ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው መጡ። ልጆችህ ማለቴን አልተውም፤ የፕሮግራመሮቹን ማኅበር እቤቴ መሥርተህ፣ እኔን ከነእነሱ ትተህ የሄድክ አንተ ነህ። የስፌት ክፍሌ ጢም ብሎ ሞላ። የስፌት መኪኖቹን ሸጬ ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ያ ክፍል ሰው የሚያየው በእነሱ ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ረጅም ነው፣ ሶኬት እንደሆነ በየግድግዳው አለ። አቡጀዲውን በመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀልነው፣ ያ የብርሃን ሳጥናቸውም ሥዕሉን ወረወረበት። ስፌቱ እንደምታውቀው መሃል ላይ ነው፤ ጨርቁ አልበቃ ብሎኝ ሁለት ቁራጭ ገጥሜ ነው የሰፋሁት። ሁሉም ለምደውታል፤ ጽሑፋቸውን ግራና ቀኝ አድርገው መሃሉን ባዶ ይተዉታል።

ፀጥተኛዋ ልጅ፣ ያቺ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የምትቀመጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቁልፍ ሲጫን ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚደናገር አስረዳች። እኔ የገባኝ፣ አንድ ሻጭ መቶ ገዢ «ለእኔ! ለእኔ!» ሲለው ማለት ነው። ጊዜዋ ሲያልቅ በደንባችን መሠረት የድስቱን ክዳን መታሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ!» አለች።

«አንድ ነገር ብቻ ያለ ሰው ሁለት ሳይናገር ተቀምጦ አያውቅም» አልኳት፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን ፈቀድኩላት።

አሁን ደግሞ ላማርር። ጫማቸውን በሩ ላይ አይጠርጉም፤ ጭቃው እስከ ጓዳዬ ገባ። ገመዳቸው ወለሉን ስለሞላው ሻይ ይዤ ስዞር እንደ ሕፃን እየተመራሁ ነው። ሁለቱን ደህና ስኒዎቼን እጀታ አሳጥተዋል። ወንበር ሲጎትቱ ጥርሴን ያመኛል። የረጅሙ ጭንቅላት አቡጀዲው ላይ ጥላ እየጣለ ግማሹን ትምህርት ይሸፍናል። ደግሞስ ሲያልቅ መች ይሄዳሉ! በሩ ላይ ቆመው ሌላ ስብሰባ ይጀምራሉ። ቤት ነው ወይስ አውቶቡስ ተራ? ረጅሙ እዚህ ላይ ሲደርስ ይፈር።

ዓይንህን ያሳየኝ።

አክስትህ


ኅዳር 6

ለተከበርሽው አክስቴ፣ እናትም አባትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ድረስ ይድረስሽ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጃኬት ገዝቻለሁ፣ ወፍራም ነው፣ ምርቃትሽ ደርሷል።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አፈርኩ። ለካ ይህን ያህል ዓመት ሸክም ጭነንብሻል! በእኛ ሙያ አንድ ሰው «ይህ ነገር አስቸገረኝ» ካለ በወሬ አይቀርም። እያንዳንዱ ችግር ለየብቻው ይጻፋል፣ የሚፈታው ሰው ይመደባል፣ ሲያልቅ «ተፈታ» ተብሎ ይዘጋል። እኔም ያማረርሽውን አንድ በአንድ ማኅበሩ ችግሩን በሚጽፍበት ገጽ ላይ አሰፈርኩት፦ ጭቃው፣ ገመዱ፣ ስኒዎቹ፣ ወንበሮቹ፣ የረጅሙ ጭንቅላት፣ በሩ ላይ የሚቆሙት። ሰብሳቢያችንን ታውቂያታለሽ፣ ባንክ የምትሠራዋን፤ ደንግጣ ወዲያው ደወለችልኝ።

እና መፍትሔ አገኘን፤ ያውም ሁሉንም በአንዴ የሚፈታ! የድሮ የክፍል ጓደኛዬ የሚሠራበት ድርጅት በአዲሱ ሕንፃው አዳራሹን በነፃ ሊሰጠን ፈቀደ። ጣራው ላይ የተሰቀለ ማሳያ አለ፣ ወንበሩ ምንጣፍ ላይ ነው፣ አይጮህም፤ ሻይ የሚያፈላም ሰው አላቸው። ከዚህ ወር ጀምሮ ስብሰባው እዚያ ይሆናል። ከእንግዲህ ቅዳሜሽ የራስሽ ነው፤ እግርሽን ዘርግተሽ ዕረፊ።

እኔንም እዚህ ያሉ ፕሮግራመሮች በወርሃዊ ስብሰባቸው ላይ ንግግር እንዳደርግ ጋብዘውኛል። ልቤ ከአሁኑ ይመታል። ጸልይልኝ።

ልጅሽ


ኅዳር 12

ለልጄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ አዳራሹ የጻፍከው ደርሶኛል። እሰይ፣ ጥሩ አድርጋችኋል። ለእናንተም የሚመች ቦታ ያስፈልጋችኋል፤ ምን ጊዜም እዚህ ተጨናንቃችሁ አትኖሩም።

ረጅሙ አቡጀዲውን እንጠቅልለው ወይ አለኝ፤ እኔ አነሳዋለሁ፣ ተወው ብዬዋለሁ። ይህን ፎቶ ሊያነሳ አጠገቤ ቆሟል፤ ከዚህ በኋላ በዚህ በኩል መንገድ እንደሌለው ነግሮኛል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ይባረክ።

ለንግግርህ ድፍረት ይስጥህ። ቀስ ብለህ ተናገር፤ ስትፈራ ትቸኩላለህ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 5

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ።

የመጀመሪያው የአዳራሽ ስብሰባ ተካሄደ! ሰብሳቢዋ ፎቶ ልካልኛለች፤ ሁሉም ተስተካክለው ተቀምጠዋል፣ ገመድ የሚባል ነገር አይታይም። የአንቺን ችግሮች አንድ በአንድ «ተፈታ» እያልኩ ዘጋኋቸው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ያለፈው ደብዳቤሽ ግን አጠረብኝ። ምን ገጠመሽ? ወሬ ጠፋ ወይስ ወረቀት? ረጅሙን ስጠይቀው «ደህና ናቸው» አለኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ በክብር እንድትገኚልን ሰብሳቢዋ መኪና ትልክልሻለች፤ እምቢ እንዳትይ። ስለ አዳራሹ ያንቺን አስተያየት ሳልሰማ አይሆንልኝም።

ልጅሽ


ጥር 3

ለወንድሜ ልጅ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ አለሁ።

ይህ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሄጄ ራሴ ያስገባሁት ነው። ለመድረስ እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ፎቶ አንሺው ከእነሱ አንዱ ስለሆነ ባለፈው የልቤን መጻፍ አልቻልኩም። ልጁ አጠገቤ ቆሞ፣ ስኒ ይዞ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? «አትሂዱብኝ» ብዬ? አፌን ዘግቼ እሰይ አልኩ።

አሁን ግን እናገራለሁ። ለመሆኑ ማን ፍታልኝ አለህ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ሰው ሲያማርር ሁሉ መፍትሔ ፈልጎ ይመስልሃል? እናትህ ነፍሷን ይማርና አባትህን በጠዋት ተነስታ እስክትተኛ ስታማው ትውል ነበር፤ አንድ ቀን ለሥራ ሌላ ከተማ ሲያድር እህል አልዋጥ አላት። የሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ «ጠበበኝ» ሲል ማስፋት ያለብኝንና ሰምቼ ማለፍ ያለብኝን ለይቼ አውቃለሁ። እናንተ ይህን አልተማራችሁም መሰለኝ።

ወደ አዳራሹም ሄጃለሁ፤ ጠይቀኸኛልና ልንገርህ። መኪናው መጣ፣ ደህና ቀሚሴን ለበስኩ። ክዳኑን በፌስታል ይዤ ነበር። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«የማን እንግዳ ነዎት፣ እናቴ?»

ምን ልበለው? እኔ እንግዳ! እነሱ አይደሉም እንዴ የእኔ እንግዶች?

«የኮምፒውተሮቹ» አልኩት።

«ፌስታሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ክዳን።»

«የምን ክዳን?»

«የድስት። ሰዓት ነው» አልኩት። አየኝ፣ አየኝና አሳለፈኝ። መቼም አእምሮዋ ደህና አይደለም ብሎ አዝኖልኝ ነው።

ውስጡ ያምራል፤ ሐሰት አልናገርም። ወንበሩ ሲቀመጡበት ይውጣል። ሰብሳቢዋ ከፊት አስቀመጠችኝ፣ «እናታችን» ብላ አስጨበጨበችልኝ። አንድ ሰው ተናገረ። ጊዜው ሲያልቅ ጣራው ላይ ቀይ መብራት በራ፤ እሱ ግን ማንም ሳይነካው ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ቀጠለ። እጄ ፌስታሉ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። በዚያ ሁሉ ምንጣፍ ላይ የድስት ክዳን እንዴት ብዬ ልምታ? ሲያበቃ ማይክሮፎን አዞሩ፣ ሁለት ሰው ጠየቀ፣ ጥበቃው መብራት ማጥፋት ጀመረ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ማንም አልቆመም። ፀጥተኛዋን ፈልጌ አጣኋት፤ ለካ ከሁሉም ቀድማ ወጥታ ኖሯል።

በመኪናው ውስጥ አለቀስኩ። ሾፌሩ ጥርስዎን አሞዎት ነው ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት።

የማይረባ ነገር ልጨምርልህ። ኅዳር መጨረሻ፣ እነሱ አዳራሹን የጀመሩ ቅዳሜ፣ እኔ ክፍሉን ጠርጌ አቡጀዲውን ሰቀልኩት። እጄ ነው የሰቀለው፣ አስቤበት አይደለም። ከዚያ ስኒዎቹን ደርድሬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ገብታ «እንግዳ አለብሽ?» ብትለኝ፣ «ጨርቁን እያናፈስኩ ነው» አልኳት። ቤቴ ባዶ ሆነብኝ፣ ልጄ። አንተ ስትሄድ እንዲህ አልሆነም ነበር፤ ያኔ እነሱን ትተህልኝ ነበርና።

ወቀሳ አይደለም። ለእኔ ብለህ እንዳደረግኸው አውቃለሁ። ለእነሱ ግን እንዳትነግር፤ ሽማግሌ ለማስደሰት ብለው እንዲመጡ አልፈልግም። በይሉኝታ የሚመጣ እንግዳ ባይመጣ ይሻላል።

አክስትህ


ጥር 12

ለውድ አክስቴ፣

መልስ አጣሁ። አዳራሹ እንዴት ነበር? ስደውል ታነሺና «ደህና ነኝ፣ ይሰማል» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። አሞሽ እንደሆነ በሞቴ አትደብቂኝ።

ንግግሬ ነገ ነው። ብትኖሪ ክዳንሽን ይዘሽ ከፊት በተቀመጥሽልኝ።

ልጅሽ


ጥር 28

ለውድ አክስቴ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ይህን የምጽፈው ጉልበትሽን ስሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው። ደብዳቤሽ ከአራት ቀን በፊት ደረሰ። ሦስቴ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ሾፌሩ ጋ ስደርስ እኔም ጥርሴን አመመኝ።

መጀመሪያ ስለ ንግግሬ ልንገርሽ፤ ከነገሩ ጋር ይገናኛል። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቀስ ብዬ ተናገርኩ፣ እንዳልሽኝ። ሲያበቃ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ፣ «ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ ግን በየገጹ መሃሉን ባዶ የተውከው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ዞሬ ማሳያውን አየሁት። እውነቷን ነው! እያንዳንዱ ገጽ ላይ ጽሑፉ ግራና ቀኝ ነው፣ መሃሉ ወና ነው። አንድም ስፌት በሌለበት አገር የአንቺን ስፌት እየዘለልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «አክስቴ ቤት መሃል ላይ ስፌት አለ» አልኳት። ሰዎቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ገና ደብዳቤሽ አልደረሰኝም ነበር።

ለእነሱ እንዳትነግር ብለሽኛል። ደብዳቤሽን ለማንም አላሳየሁም፣ ስለ እንባሽም አልተነፈስኩም፤ ይህንንም ረጅሙ እንዳያየው በፖስታ ነው የምልከው። ግን አክስቴ፣ ሙሉ በሙሉ ዝም ማለትም አልቻልኩም። መጀመሪያ ሰብሳቢዋ ጋ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «አዳራሹ እንዴት ነው?»



«እውነቱን ልንገርህ?» አለች። «ማንም ደስ አላለውም። ሰው ይመጣል፣ ይሰማል፣ ይሄዳል። ዋናውን ነገር የምንማረው ለካ በሩ ላይ ቆመን ነበር። ፀጥተኛዋ እኮ ማይክሮፎን ፈርታ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ እትዬ ቤት ስኒ እየሰበሰበች ነበር የምትጠይቀው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዴት ብለን? እሳቸው ተቸግረው ነው ብለህ አንተው ጻፍክ! በዚህ ዕድሜያቸው ጭቃ ስናስጠርጋቸው መኖራችን አሳፍሮን አንገታችንን ደፋን እንጂ።»

አየሽ? አንቺ በእነሱ ይሉኝታ፣ እነሱ በአንቺ ይሉኝታ፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ «ተፈታ፣ ተፈታ» እያልኩ ስዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነው ገጹን የከፈትኩት። በእኛ ሙያ ተፈታ ብለሽ የዘጋሽው ነገር ሌላ የባሰ ካስከተለ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ፤ ነውር የለውም። አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ «ቅዳሜ የስፌት ክፍሉ ባዶ ነው።» ሌላ ምንም አላልኩም። መጀመሪያ የመለሰው ረጅሙ ነው፦ «ይህ የእኔም ችግር ነው። ባለፈው ቅዳሜ እግሬ ራሱ ወደዚያ ወስዶኝ ከበራቸው ተመልሻለሁ።» ቀጥሎ ፀጥተኛዋ፦ «እኔ ልፍታው።» የሚፈታው ሰው በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሁሉም ስማቸውን ጻፉ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

አሁን ግን ተምሬያለሁና ሳልጠይቅሽ አልፈታውም። ትልልቅ ስብሰባ ሲኖር አዳራሹ ይኑር፤ የወሩ ቅዳሜ ግን ወደ አንቺ እንዲመለስ ትፈቅጃለሽ? ጭቃው አለ፣ ገመዱም አለ። እምቢ ብትይም አንቀየምም። ፈቃድሽ ከሆነ ረጅሙ ይምጣና ንገሪው፤ ከጠራሽው በሩጫ ነው የሚመጣው።

ልጅሽ


የካቲት 30

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ እኔ ግን ልጄ ለምልህ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ፈጣሪ ክፉውን ያርቅልህ፣ የተናገርክበትን አፍ ያለምልምልህ፣ ያቺንም መሃሉን አይታ የጠየቀችህን ሴት ይባርክልኝ። ዓይኗ የልብስ ሰፊ ዓይን ነው። ያላገባች እንደሆነ ጠይቃት።

ረጅሙን ጠርቼ ይምጡ አልኩት፣ ቅዳሜ መጡ። ረጅሙ ቀድሞ ደረሰ፣ አቡጀዲውን ያለ ወንበር ሰቀለው። ሰብሳቢዋ ስፌት የሌለው ማሳያ እንግዛልዎ ብትለኝ፣ «ቤቴ ውስጥ ስፌት ያልነካው ጨርቅ አይሰቀልም» አልኳት። ፀጥተኛዋ ስለዚያው መቶ ገዢ ቀጣዩን ክፍል ተናገረች፤ አሁን ሻጩ ተራ ቁጥር ማደል ጀምሯል። ክዳኑን ስመታ አጨበጨቡልኝ። ክዳን ሲመታ ይቀመጣል እንጂ ይጨበጨባል እንዴ? ደንብ ረስተዋል።

የማማርረውን ስማ። ጭቃው ዛሬም ጓዳዬ ገባ። ሁለቱ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ገቡ፤ ይህም ሌላ ጣጣ ነው፣ ካልሲያቸው ጭቃውን ጠረገልኝ። ገመዱ በዝቷል፤ አዳራሹ ውስጥ ምን እንዳበሏቸው እንጃ፣ አዲስ ሰዎችም አምጥተዋል፣ ወንበር አልበቃ ብሎ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛው ስኒ እጀታውን አጣ። የረጅሙን ጭንቅላት ተወው፤ ዝቅ በል ብለው ወገቤን አለኝ። ካለቀ በኋላ በሩ ላይ ቆሙ። ቆሙ! እራት አቅርቤ በልቼ፣ ዕቃ አጥቤ፣ ተመልሼ ስመጣ ስለ አንድ ነጠላ ሰረዝ እየተጨቃጨቁ ነው። «ሰዎች፣ ቤት የላችሁም?» ብላቸው «አንድ ነገር ብቻ፣ እትዬ» አሉኝ።

ረጅሙ ይህን ፎቶ ሊያነሳ አጠገቤ ቆሟል፤ እያነበበም ይስቃል። ይሳቅ። ከፈለግህ ሁሉንም እዚያ ገጻችሁ ላይ አንድ በአንድ ጻፈው፣ ረጅሙም ያግዝህ።

ግን አደራህን ልጄ፣ አንዱንም እንዳትፈታብኝ።

አክስትህ